ያለ አፈር ለሚበቅል የልጆች ፕሮጀክት ድሬዳዋ ላይ ምን ተክል ያዋጣል?

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። ቀጥሎ ሙቀቱን አስቡ። ተክል መምረጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ልጃችን «ያለ አፈር ተክል አብቅላችሁ አምጡ» የሚል ወረቀት ይዞ ሲመጣ ግን አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከተክሉ ነው። እኛ ቤትም የሆነው እንዲሁ ነው።

ወረቀቱ የመጣው መጋቢት መግቢያ ላይ ነበር፤ ማቅረቢያው ሚያዝያ ማለቂያ። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ድሬን የሚያውቅ ሰው ይህን ወቅት ያውቀዋል። ቀኑ ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይውላል። የቧንቧው ውሃ ራሱ ለብ ብሎ ነው የሚወርደው። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ከሆነማ ሻይ ለማፍላት ትንሽ ነው የቀረው።

ወረቀቱ ላይ የተክል ስም አልተጻፈም፤ ሥዕሉ ላይ ግን ሰላጣ አለ። ዩቲዩብ ላይ ስንገባም ሰላጣ፣ አሁንም ሰላጣ። ልጄ «እማ፣ እኔም ሰላጣ ነው የምፈልገው» አለች። ዘሩን ገዛን፣ እርጥብ ጥጥ ላይ በተንን፣ ጠበቅን። ዘሩ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ዘር ገዛን፤ እሱም ያው።

ዘሩ የተበላሸ መስሎን ነበር። ጉዳዩ ሌላ ነው። የሰላጣ ዘር ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ዘግቶ ይተኛል። መሬቱ እስኪቀዘቅዝ የመጠበቅ ባሕርይው ነው። ጥጡን ከነዘሩ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ብታሳድሩት ብዙው ይነቃል፤ የእኛም ነቃ። ግን ከፍሪጅ ወጥቶ የሚኖረው እዚያው ሙቀት ውስጥ ነው። ቀጭን ሆኖ ተሳበ፣ ከዚያ ወደቀ። ተርፎ ቢያድግ እንኳ ሙቀት ላይ ቶሎ ወደ አበባ ይሮጣል፤ ቅጠሉም ይመራል።

ነገሩን የፈታችልኝ ቀፊራ ገበያ ያለች ሰላጣ ሻጭ ናት። ከየት እንደምታመጣው ስጠይቃት ከላይ፣ ከሐረማያ በኩል እንደሆነ ነገረችኝ። «አቦ፣ ይሄ የደጋ ልጅ ነው። እዚህ የሚወርደው ሊበላ እንጂ ሊኖር አይደለም» አለች። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው። ቪዲዮ ከማየታችሁ በፊት ገበያ ውጡና የትኛው ቅጠል ከቅርብ፣ የትኛው ከደጋ እንደሚመጣ ጠይቁ። ቪዲዮውን የሚሠሩት ሰዎች ቤት የአየር ማቀዝቀዣ አለ፣ ወይም አገሩ ራሱ ቀዝቃዛ ነው።

ሁለተኛው ምርጫዋ ቲማቲም ነበር። ይህን ገና ሳንጀምር በቀን መቁጠሪያ ነው የጣልነው። ቲማቲም ችግኙ ከተተከለ በኋላ የበሰለ ፍሬ ለመስጠት ሁለት ወር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቃሪያ ደግሞ ከእሱም ይዘገያል። በዚያ ላይ ቀኑም ሌሊቱም ሲሞቅ የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ልጁ ባዶ ግንድ ይዞ ክፍል ፊት ይቆማል። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች የመሳሰሉትን ደግሞ ለጠርሙስ አታስቧቸው፤ የምንበላው ክፍላቸው ውሃ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከዚህ በኋላ ምርጫውን ገለበጥነው። በዚህ ሙቀት የሚኖሩትንና ከማቅረቢያው በፊት የሚደርሱትን እኔ ለየሁ፤ ከእነዚያ ውስጥ እሷ መረጠች። ልጁን «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ክፍት መጠየቅ ሰላጣና እንጆሪ ያመጣል። ሦስት አራት የሚያዋጡ አቅርባችሁ «ከእነዚህ የቱን?» ስትሉት ፕሮጀክቱ የራሱ እንደሆነ ይቀጥላል።

እሷ በሶብላ አለች። ምክንያቷ ሽታው ነው፤ እኔ ደግሞ ሙቀት ስለሚወድ ደስ አለኝ። በሶብላ ለድሬ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ለበርበሬና ለሽሮ የሚሸጠውን ደረቅ በሶብላ አበባውን በመዳፍ ስታሹት ጥቃቅን ጥቁር ዘር ይረግፋል። በጣም ካላረጀ ይበቅላል። ዘሩን ውሃ ስታስነኩት በደቂቃዎች ውስጥ ዙሪያውን ሰማያዊ ቀመስ ዝልግልግ ነገር ይለብሳል። ልጄ በማጉያ መነጽር እያየች «ዓይን አወጣ!» ብላ ጮኸች። እርጥበት የሚይዝበት ልብሱ መሆኑን ስነግራት ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ሥዕሉን ሣለች። እኔ እንኳ ይህን ያህል ዓመት ስደቁሰው አስተውዬው አላውቅም። ዘር ካጣችሁም ግድ የለም፤ ከእርጥብ በሶብላ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ብታቆሙት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል።

ናና ከዚህም ይቀላል። ለሻይ ከገዛችሁት እስር ላይ አበባ ያላወጣውን ጠንካራ ዘንግ ምረጡ። ከአንጓው ዝቅ ብላችሁ ቁረጡት፤ ሥሩ በብዛት የሚወጣው ከአንጓው ነው። ውሃ የሚነካውን ቅጠል ሁሉ አንሱለት፤ ካልሆነ ይበሰብሳል፣ ውሃውም ይሸታል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ብርሃን ባለው ጥላ ላይ አኑሩት።

ፌጦ ለትዕግሥት አልባ ልጅ ነው። ሳህን ላይ እርጥብ ጥጥ አንጥፉ፣ ፌጦውን በስሱ በትኑ፣ በቃ። በሁለት ሦስት ቀን ይፈነዳል፤ በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። ልጄ በስሟ ፊደል ቅርጽ ዘራችው። ለማነቃቃት ከዚህ የተሻለ የለም። አያቷ ሐረር ሆና በስልክ ነገሩን ስትሰማ «ታዲያ ብቅል ስናበቅል አፈር ላይ ነበር እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ዘር ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ስንቁን ራሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው።

ቆስጣም ሙቀቱን ከሰላጣ በተሻለ ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የቆስጣ ዘር የምንለው ብዙ ጊዜ አንድ ዘር አይደለም፤ የተጣበቁ ዘሮች ስብስብ ነው። ልጄ አንድ ቀብራ ሦስት ስታገኝ ሠንጠረዧ ተዘባረቀ። ጠንካራውን አስቀርታችሁ ሌሎቹን በመቀስ ቁረጧቸው። ከነቀላችሁ የቀሪውም ሥር አብሮ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተክሉ ቢያምርም ፕሮጀክቱ ጥያቄ ከሌለው ልጁ የሚያቀርበው የአበባ ማስቀመጫ ነው። ጥያቄው ደግሞ ተክሉን ይመርጣል። «ተክል ያለ ብርሃን ምን ይሆናል?» ከሆነ ፌጦ በቂ ነው። አንዱን ሳህን መስኮት ላይ፣ አንዱን ቁም ሳጥን ውስጥ አድርጉ። የጨለማው ረጅም፣ ቢጫና ልፍስፍስ ይሆናል፤ የመስኮቱ አጭርና አረንጓዴ። «ሥር ከየት ይወጣል?» ከሆነ ናና። «ተክል ከንጹህ ውሃ ሌላ ምግብ ይፈልጋል ወይ?» ከሆነ ግን ፌጦም ናናም አይሆኑም። ፌጦ ስንቁን ሳይጨርስ ቀኑ ይደርሳል፤ ናና ደግሞ በባዶ ውሃ ሳምንታት ይቆማል። ባቄላም አታምጡ፤ ዘሩ ትልቅ ስለሆነ ስንቁም ብዙ ነው፣ ረሃቡ ቶሎ አይታይም። ለዚህ ጥያቄ የሚሆነው ትንሽ ዘር ያለው፣ ቶሎ የሚርበው ነው። በሶብላና ጎመን። እኛ የወሰድነው ይህን ጥያቄ ነው፣ በበሶብላ።

ጎረቤት ምክር አይነፍግም። አንዱ «ዩሪያ ጣል አድርጉበት» አለን። እንዳትሞክሩት። ዩሪያን ተክል ወደሚጠቀምበት መልክ የሚቀይሩት በዋናነት አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ጠርሙስ ውስጥ እነሱ በቂ አይደሉም፤ ትንሽ ከበዛም ለጋውን ሥር ያቃጥላል። አመድም አትጨምሩ፤ ውሃውን ይበልጥ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ያደርገዋል። የግብርና ግብዓት ከሚሸጥበት ሱቅ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ከናይትሮጅን፣ ከፎስፈረስና ከፖታሲየም ሌላ ብረትና ሌሎች ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ያሉበትን ጠይቁ። ለችግኝ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹ ይበቃል። መለካቱን እናንተ አድርጉት፤ ለልጅ አትስጡት።

ምግብ እየሰጠነውም አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ። ቅጠሉ ላይ ያሉት መስመሮች ግን አረንጓዴ ናቸው። ይህን ምልክት ያዙልኝ። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች በሙሉ ቢጫ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን አንሷል። አዲሶቹ ቢጫ ሆነው መስመሩ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። ብረቱ ውሃው ውስጥ ቢኖርም እንኳ ተክሉ ሊያነሳው አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ደግሞ የድሬ ሰው በየቀኑ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያየዋል፤ ያ ነጭ ቅርፊት። ከተማችን በኖራ ድንጋይ የተከበበች ናት፤ ሲሚንቶም የሚመረትባት በዚያ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ኖራ ይዞ ይወጣል፣ ፒኤቹም (አሲድ ወይም አልካላይን መሆኑ የሚለካበት ቁጥር) ከፍ ይላል። ተክሎች ያለ አፈር ሲያድጉ የሚስማማቸው ከ5.5 እስከ 6.5 አካባቢ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ውሃውን አፍልተን አቀዘቀዝን፣ ነጩ ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ቀዳን፣ ሎሚ በጠብታ ጨመርን። ምን ያህል ጠብታ? እዚህ ላይ ልጄ አስተማሪ ሆነች። ቀዩን ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ በሙቅ ውሃ ስትዘፈዝፉት የሚወጣው ወይን ጠጅ ውሃ ፒኤች ይለካል። ከተክሉ ውሃ ጥቂት በብርጭቆ ወስዳችሁ ይህን ጠብ አድርጉበት። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ኖራው ገና ነው፤ ወደ ወይን ጠጅ ሲመጣ ደህና ነው፤ ሮዝ ከሆነ ሎሚው በዝቷል። ሎሚ በቀናት ውስጥ ጉልበቱ ስለሚያልቅ ደጋግማችሁ ፈትሹ። ያረጀው ቢጫ ቅጠል አልዳነም፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ግን አረንጓዴ ሆነው መጡ። ጠጠር የምትጠቀሙ ከሆነም መጀመሪያ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ተዉት።

ጠርሙሱ ተራ ሃይላንድ ነው። አንገቱን ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ አፉ ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ችግኙን በስፖንጅ ትይዙታላችሁ። ፓምፕ አያስፈልግም። ድሬ ላይ መብራት ሲሄድ የሚቆም ፓምፕ ይዞ ከመጨነቅ፣ ያለ ፓምፕ የሚሠራውን መንገድ ምረጡ። ምስጢሩ አየር ነው። ተክሉ ውሃውን ሲጠጣ ደረጃው ይወርዳል፤ በመካከል የቀረው ክፍተት ላይ ያለው ሥር አየር ይስባል። ብዙ ሰው «ውሃ አነሰ» ብሎ እስከ አፉ ይሞላዋል። ያ አየር የለመደው ሥር ይታፈናል። ጨምሩ፣ ግን ክፍተቱን አትድፈኑት።

ሙቀት እዚህም አይለቅም። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ 30 ላይ 7.5 ገደማ ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር ሥሩ ይታፈናል፣ ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው። ጠርሙሱን በእርጥብ ኬሻ ጠቅልሉት። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ኬሻው እየደረቀ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ብርሃንም ስለሚከለክል በግልጽ ጠርሙስ ላይ የሚመጣውን አረንጓዴ አልጌ ያስቀራል። ጠዋትና ከሰዓት ኬሻውን ማርጠብ የልጄ ሥራ ነበር፤ ብትረሳ ጠርሙሱን በእጇ ስትነካ ራሷ ታውቀዋለች። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ላይ ግን ኬሻም አያድነውም። ጥላ ፈልጉ።

አንድ ነገር ሳልናገር ካለፍኩ ይከነክነኛል። የተከማቸ ውሃ የቢምቢ ቤት ነው። ድሬ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ የተባለው የትኩሳት በሽታ ያመጣብንን አልረሳንም። ያን የሚያስተላልፈው ቢምቢ የሚራባው ቤት ውስጥና ግቢ ባለ ንጹህ ውሃ ላይ ነው። በሙቀት ደግሞ ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። የጠርሙሱን አፍ ዙሪያውን በጥጥ ወይም በስስ ጨርቅ ድፈኑት። ከላይ ስታዩ የሚውረገረግ ትንንሽ ትል ካለ ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉትና በአዲስ ተኩት። ይህንን ለትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሁሉ ብትነግሩ ከፕሮጀክቱ የበለጠ ትጠቅማላችሁ።

ለማቅረቢያው የሚሆን ምክር አጭር ነው። አንድና አንድ ጠርሙስ አታወዳድሩ። ምግብ ያገኘው ሦስት፣ ያላገኘው ሦስት ይሁን። ውሃው፣ ቦታው፣ ኬሻው ሁሉ አንድ ዓይነት። የእኛ አንዱ ችግኝ ያለ ምክንያት ጠወለገ፤ ሁለት ወንድሞች ስለነበሩት ሥራው አልተበላሸም። በማስመሪያ የለካውን ቁመትና የቅጠል ቁጥር ልጁ ራሱ ይጻፈው፤ የተዛነፈ ቁጥርም ይኑርበት። በባጃጅ ስትወስዱት ውሃውን ግማሽ አድርሱት፣ ጠርሙሶቹን የለስላሳ ሳጥን ውስጥ አቁሙ። ጠዋት በማለዳ ሂዱ።

ከመምህራኑ የመጣው ጥያቄ «አፈር ከሌለ ምን በልቶ አደገ?» የሚል ነበር። ልጄ መለሰች። የሰውነቱን አብዛኛውን ክፍል የሠራው ከአየርና ከውሃ በብርሃን ጉልበት ነው፤ ከአፈር የሚወስደው የተሟሟ ማዕድን ነው፣ ያንን እኛ ውሃው ላይ ጨመርንለት አለች። ይህን ዩሊየስ ፎን ሳክስና ቪልሄልም ክኖፕ የተባሉ ጀርመናውያን በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳዩትም ተናገረች። ስማቸውን ለመጥራት ሳምንቱን ሙሉ ምላሷን ስታፍታታ ነው የሰነበተችው። መምህሯ ግን ብዙ የቆየችው ምግብ ያላገኘው በሶብላ ጋ ነው። ቅጠሉን ከአገኘው ጋር አስተያይታ፣ ነክታ፣ አሽትታ ነው የሄደችው።

ሐረር ላላችሁ ነገሩ ይቀየራል። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር ግን 1,900 ትጠጋለች፤ ሌሊቱ ይበርዳል። እኛን ያስቸገረን ሰላጣ እናንተ ጋ በወር ከምናምን ለመቆረጥ ይደርሳል፤ ያለ ፍሪጅም ይበቅላል። ኬሻውም ለብርሃን ካልሆነ ለማቀዝቀዝ ብዙ አያስፈልጋችሁም። በሶብላ ከመረጣችሁ ግን ብርድ አይወድምና ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት።